በሐመሩ ሐ

ባጃጄን ከዋርካው ጥላ ሥር አስጠጋሁ፣
ሦስተኛ ሰው እስኪመጣ ስልኬን አወጣሁ።
የተዋሽ ቁጥር አለኝ፣ ሰጠሁት።
የይለፍ ቃል አለኝ፣ የልጄን ስም ነው ያልኩት፣
ከነልደት ዓመቷ።
«እንኳን ደህና መጡ፣ ሀመሶ» አለኝ ቤተ መጻሕፍቱ፤
ዘበኛው እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅ፣ ስንቴ ሳልፍ በፊቱ።

ነገሩ የመጣው ትናንት ነው፣ ሲመሽ፣
ቤቴል ጫማዋን አራግፋ፣ አሸዋው ምንጣፍ ላይ ሲፈስ፣
«አባ፣ አሳ ይተኛል ወይ?
ዓይኑ ክዳን የለውም እኮ» ስትል።
እኔ የአስጋሪ ልጅ፣
በቆሮሶ ቅርፊት የተጫወትኩ፣ አምባዛ በጢሙ የጎተትኩ፣
«እንጃ» ማለት ከበደኝ። «ነገ» አልኳት።
ነገ ደግሞ ነጋ።

በመፈለጊያው ሳጥን አሳ ብዬ ጻፍኩ።
«ምንም አልተገኘም።»
ቀና አልኩ። ሐይቁ እዚያው ነው፣ አልሄደም።
አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ ዳኛ
አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሮ የአሳ አንጀት ይጠብቃል፤
ከአሞራ ገደል የጥብስ ሽታ ነፋስ ይዞ ይመጣል።
ከተማው እስከ አፉ አሳ፣ ካታሎጉ ግን ጦሙን ያድራል።

አሣ አልኩ። ምንም። ዐሳ አልኩ። ምንም።
ማሽን ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም፤
አንድ ድምፅ በሦስት ልብስ ቢመጣ
ሦስት እንግዳ ነው ብሎ ሦስት ወንበር ሊያወጣ።
ደግሞስ ምን ይፍረድ? ይህች ከተማ ራሷ
በአባቴ መታወቂያ አዋሳ፣ በቀበሌው ማኅተም ሀዋሳ፣
በባጃጄ ሊብሬ ላይ ሐዋሳ፤
ግብሩን ግን በሦስቱም ስም ትቀበላለች፣ አትረሳ።

በመጨረሻ በዐይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ፣
ዓሣ ብዬ ብጥል መረቡ ከበደ።
አንድ መጽሐፍ። አንድ ቅጂ። ሰው ይዞት የሄደ።
መመለሻ ቀን፦ ግንቦት 14፣ 2001።
«ወረፋ ይያዙ?» ያዝኩ።
«ተራዎ 1ኛ ነው።»

ሁለት ተማሪና ቅርጫት የያዘች ሴት ጭኜ
እስከ ሞቢል ያንን ሰው ስረግም ነዳሁ፤
አሥራ ስድስት ዓመት! የሕዝብ መጽሐፍ!
ምን ዓይነት ሆዳም ነው? ስል
ሴትዮዋ «አሜን» አለች፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ።

እቴነሽ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ
ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው።
«ሁለት ሰው ሆነህ ነው ያለኸው» አለች።
«አንዱ ሀመሶ በሃሌታው ሀ፣ ዕዳ የለበትም።
አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ስምንተኛ ክፍል፣
የአባት ስም ያው፣ ቀበሌ ያው።
ዓሣውን የያዘው እሱ ነው።»

ሐመር ጀልባ ማለት ነው።
የአባቴ ጀልባ፣ የአክስቴ ዱካሌ መጥበሻ፣ ያ ዝናብ፣
ጋዜጣ ያለቀበት ቅዳሜ።
«ወረቀት!» ስትል መጀመሪያ ማውጫውን ሰጠኋት፣
ቀጥሎ መቅድሙን፣ ከዚያ ቆሮሶን፣ ከዚያ አምባዛን፤
ዘይቱ ሲገባበት የወዲያ ገጹ በወዲህ ይነበብ ነበር።
አንድ የሻሸመኔ ሹፌር ጣቱን እየላሰ
«ይሄ ዓሣ የራሱን ታሪክ ለብሷል» ብሎ ሳቀ።
ስለ እንቅልፉ የተጻፈው ገጽ
የማንን ምሳ እንደጠቀለለ፣ እንጃ።

እቴነሽ ቅጣቱን በእጇ ሸፈነችው፣ እንዳላይ።
«በየወሩ ትንሽ ትንሽ» አለች። «ወረፋውንስ ልሰርዘው?»
«ተይው» አልኩ።

ማታ ቤቴል አልተኛችም፣ ትጠብቀኛለች።
«አስይዣለሁ» አልኳት። «ተራችን አንደኛ ነው።»
«ከፊታችን ማን አለ?»
«አንድ ልጅ። ስምንተኛ ክፍል ነው።»
«ቶሎ ያነባል?»

መብራቱን አጠፋሁ።
ዓይኗ አልተከደነም።